ቡላ የጠጣችው ላንድሮቨር

ባለፈው ሐሙስ ከአሮጌው መናኸሪያ ማዶ ባለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሐኪም የከለከለኝን ስኳር በማንኪያ እያማሰልኩ ሳለ አንድ ድምፅ ሰማሁና ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ባጃጅ አይደለም፤ ባጃጅማ ዲላን ካጥለቀለቃት ቆይቷል፣ ጆሮዬም ከዝንብ አይቆጥረውም። ዋናውን መንገድ ይዞ የሚመጣ የቤንዚን ላንድሮቨር ነው፤ አሮጌው፣ አሁን አሁን ማንም የማይነዳው ዓይነት። ማርሽ ሲቀየርለትም ቆሞ ሲሠራም በየመሃሉ ትንፋሹን ዋጥ ያደርግና እንደ ጉንፋናም ሽማግሌ አንዴ አስሎ ይቀጥላል። ያቺን ሳል የት ብሰማ አውቃታለሁ። ጉልበቴን ሳልደግፍ ብድግ ማለቴን ያወቅኩት ከቆምኩ በኋላ ነው። አስተናጋጇ "ጋሼ፣ ምን ሆኑ?" አለችኝ። ምን እላታለሁ? ያ ነገር ሲሆን እሷ አልተወለደችም።

እኔና ደምሴ ሁለት ወንድማማቾች ነበርን፤ እሱ ታናሼ ነው። አባታችን ከሸዋ መጥቶ ዲላ ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ እኛን ሳያሳድግ ሞተ። እናታችን ብርቄ የጌዴኦ ልጅ ናት፤ ገደብ አጠገብ ባንኮ ጎቲቲ ላይ ከዘመዶቿ የደረሳት ትንሽ የቡና ማሳ ነበረቻት፤ ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ያሳደገችን በዚያች ማሳ ነው። ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛ ነበር፤ የእሷ አማርኛ ግን ወንድና ሴት አይለይም። እኔን "መጣሽ?" ትለኛለች፣ ጎረቤታችንን ሴትዮ "እሱ ደግሞ ወሬ ይወዳል" ትላታለች። ደምሴ ሆን ብሎ እየመላለሰ ያናግራትና በሳቅ ይሞታል። እኔ አስተማሪ ወጣሁ፤ እሱ ከትምህርት ቤት አጥር ይልቅ የመናኸሪያው አጥር ስቦት ሾፌር ሆነ። ያኔ ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲም በስሙኒ ነበር፤ አንድ ብር የያዘ ሰው ጓደኛ ጋብዞ ለራሱም ይደግማል። ከፖስታ ቤቱ ጥግ የነበረው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ቀኑን ሙሉ ትዝታ ይለቅብናል፤ የሸንኮራ ሻጮቹ እንኳ ሸንኮራውን የሚቆርጡት በዜማው ምት ነበር። ደምሴ ከሰልባጅ ተራ የገዛትን ባለ ፀጉር ኮሌታ ጃኬት ለብሶ፣ በዲላ ሙቀት እያላበው፣ ያቺን ጥግ ሳይዞር አይውልም። "ይሞቅሃል እኮ" ስለው "ለደጋው፣ ለቡሌ ብርድ ነው" ይለኛል። ቡሌ የሚሄደው ግን ለገበያ ቀን ብቻ ነው።

ደምሴ የራሱን ላንድሮቨር የገዛት ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ጨረታ ነው። አረንጓዴ ነበረች ይላሉ፤ እኛ ስናውቃት ቀለሟ ወደ አመድነት ሄዷል። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚዎች አስገጠመላትና በገበያ ቀን ወደ ቡሌ ይወጣ ጀመር። አውቶቡስ የማይደፍረው ጭቃ ነበር ያኔ። ሲወጣ ጨውና ሳሙና፣ ሲወርድ ነጭ ሽንኩርትና ገብስ፣ ከላዩ ላይ ሰው። ማታ ሲመለስ እናቴ ሽሮዋን ከእሳት አውርዳ ጆሮዋን ወደ መንገዱ ትጥላለች። ያቺ ሳል ከሩቅ ስትሰማ "መጣች" ትልና ሽሮውን መልሳ ትጥዳለች። ደምሴ ትኩስ ነበር የሚወደው። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ከዚያ የጦርነቱ ጊዜ መጣ። የማን ጥፋት ነበር፣ ለምን ሆነ የሚለውን ለሚያውቁት ልተወው፤ እኔ የማውቀው ወደ ሰሜን የሚሄዱ ካሚዮኖች ሾፌር እንደፈለጉና ደምሴ እንደሄደ ነው። የሄደ ዕለት ጃኬቷን ለብሶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛ ቦታዋ ልትሄድ ነው ብዬ ቀለድኩበት። ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና ጣቶቼን በራሱ እጅ ዘጋቸው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ አስነሳት" አለኝ። "ሞተር ዝም ካለ ይደርቃል። ባትነዳት ግድ የለም፣ ብቻ ድምፅዋ አይጥፋ።"

እናቴ አጠገባችን ቆማ ይህን ሰማች። ባትሰማ ኖሮ ብዬ ያሰብኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

እኔ እንግዲህ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ጎማ እንዳላት ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዝኩና ከየት እንደወጣች ጠፋብኝ፤ ይዣት ሰፈር ለሰፈር ዞርኩ ማለት ይቻላል። ያገኘሁት ሺፈራው የሚባለውን መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከቡና መፈልፈያው ጀርባ ነበር። ሺፈራው "አውሮፕላን ብትሰጡኝ እፈታዋለሁ" የሚል ሰው ነው፤ መፍታቱንስ ማንም አይጠራጠርም፣ ነገሩ መግጠሙ ላይ ነበር። ምንም ብልሽት ይምጣ መጀመሪያ "ቲቸር፣ ካንዴላ ነው!" ይላል። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ እሳት የምትጭረዋ ነገር ናት። ካንዴላው ተፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ከሰል ላይ ደርቆ ሲመለስና መኪናዋ አሁንም እምቢ ስትል "እንግዲያው ቤንዚኑ ውሃ አለበት" ይላል። ቢሆንም ከእሱ ተማርኩ። ቤንዚኑን ከአየር የምትቀላቅለውን የካርቡራተሯን ቀዳዳ በአፌ መንፋት ተማርኩ፤ ቤንዚን በአፌ ይዤ ክፍል እየገባሁ ስለ ውቅያኖስ ሞገድ አስተማርኩ፤ ተማሪዎቼ "ቤንዚኖ" የሚል ስም አወጡልኝ። የጥፍሬ ሥር ጥቁረት በእሁድ ሳሙና አይለቅም ነበር። አንድ ቀን ያለ ሺፈራው እርዳታ፣ በራሴ እጅ ፈትቼ ገጥሜ ቁልፉን ሳዞረው በአንዴ ተነሣች፤ ደስታዬ ዲፕሎማ ስይዝ ያልነበረኝ ደስታ ነው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና። ሳሏ እስክትመጣ ጠበቀች። መኪናዋ ሳለች። "ደምሴ አለ" አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የኛ ቤት ሌላ ነገር ሆነ። እናቴ እሁድ ጸሎት ቤት ትሄዳለች፣ ትዘምራለች፣ ቡናዋን ለማየት ወደ ገደብ በሚሄደው አውቶቡስ ተጋፍታ ትሳፈራለች፤ ልቧ ያለው ግን ቅዳሜ ላይ ነው። ከደምሴ መጀመሪያ ላይ በሰው እጅ መልእክት ይመጣ ነበር፤ "ደህና ነኝ፣ ላንድሮቨሯስ?" የሚል። ከዚያ መልእክቱ ራቀ። ከዚያ ቀረ። እናቴ ግን ሞተሩ እስከተነሣ ድረስ አልደነገጠችም። ጎረቤት "ከደምሴ ወሬ አለ?" ሲላት "ቅዳሜ ሰምቼዋለሁ" ትላለች። መጀመሪያ ስቄ ነበር። ቆይቶ ግን አርብ አርብ እንቅልፍ እያጣሁ ሞተሩን ማሰብ ጀመርኩ።

ሁሉም ካለቀ በኋላ መርዶ የሚነገርበት ወቅት መጣ። ማለዳ ማለዳ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በየሰው ደጅ ይቆሙ ነበር። ከላይኛው ሰፈር ጩኸት ይነሣል፣ ከታችኛው ይመለሳል። እኛ ከበሩ ጀርባ ቆመን የእግር ኮቴ እንቆጥራለን፤ ኮቴው ያልፈናል። የኛን በር ማንም አላንኳኳም። እናቴ መጀመሪያ ተንበርክካ አመሰገነች። ወር አልፎ፣ ዓመት አልፎ ደምሴም ሳይመጣ መርዶውም ሳይመጣ ሲቀር ግን መርዶ የገባበትን ቤት በቅናት ማየት ጀመረች። "እነሱ አልቅሰው ወጣላቸው" አለችኝ አንድ ቀን፣ ቆጮ እየቆረሰች። እናት በለቅሶ ስትቀና ከማየት የከፋ ነገር እኔ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ቡላው ልምጣ። የላንድሮቨሯ ራዲያተር ማንጠባጠብ ጀመረ። ሺፈራው አጎንብሶ አየና እንደተለመደው ሊቅ ሆነ። "ቲቸር፣ ብየዳ ምን ያደርጋል? ቡላ ጣል አድርግባት! ትንሽ፣ በጣት ቁንጥር። ሲሞቅ እንደ ሙጫ ይሆንና ቀዳዳዋን ይይዛታል።" የሀገራችን ሾፌር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል አለ። እንሰት ባለበት አገር ቡላ የማይጠግነው ነገር የለም፤ ወላድ ትጠነክርበታለች፣ የታመመ ያገግምበታል፣ ራዲያተር ለምን አይድንበትም? በቁንጥር አደረግን፤ እውነትም ማንጠባጠቡ ቆመ። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አይታ ነበር። ግን ለእሷ በጣት ቁንጥር ማለት ስስት ነው። ለልጇ ገንፎ ቡላ በቁንጥር ለክታ አታውቅም። ለካ እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ክዳኑን እየከፈተች፣ ከባንኮ ጎቲቲ የመጣውን ነጩን፣ ምርጡን ቡላ እፍኝ እፍኝ እያደረገች ታጠጣት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ትንሽ ላንቀሳቅሳት ብዬ ከዲላ ወጣ ብላ እስካለችው ጭጩ ወሰድኳት። ስመለስ ኮፈኗ ሥር ጭስ ተነሣ፤ ከዚያ አንድ ነገር "ጧ!" አለና ዝም አለች። በሰው ግፊ ግቢ ገባች። ሺፈራው ራዲያተሩን ከፍቶ ጣቱን ሲከት ነጭ፣ የበሰለ ገንፎ ይዞ ወጣ። ሞተሩንም ሲፈታው በየውሃ መንገዱ ገንፎ ነው። ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሺፈራው መሬት ላይ ተንከባሎ ነው የሳቀው፤ "ቲቸር፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ብቻ ነው የቀራት!" አለ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሺፈራው የሞተሩን ጎን በጨርቅ ጠረገና ሳቁን አቆመ። ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። አልሳቀችም። እጇን አገላብጣ መዳፏን ታያለች።

ሌላ እንዲህ ያለ ሞተር ሐዋሳም ተፈለገ፣ ጠፋ። ሺፈራው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በቁም ነገር ተናገረ፤ ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ የናፍጣ ሞተር አለ፣ እንግጠምላት አለ። የዚያን ዓመት የቡና ገንዘብ እዚያ ገባ። ክረምቱን ሙሉ፣ ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ወራት፣ እኔና እሱ ከመኪናዋ ሥር አልወጣንም። የድሮው ሞተር የሚቀመጥበትን ብረት በመጋዝ ቆርጠን አዲስ በየድን። ራዲያተሩን ወደፊት ገፋነው። አዲሱ ሞተር ስለከበደ አፍንጫዋ ሲደፋ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ አንድ የባሌስትራ ቅጠል፣ ክብደት የሚሸከመውን ለጥ ያለ ብረት፣ ፈትተን ጨመርንላትና ቀና አለች። ኮፈኑ አልዘጋ ሲል በቃጫ ገመድ አሰርነው። ታምር ነበር። ብየዳ መያዝ ችዬ ነበር፣ እሳቱ የደረት ኪሴን በስቶታል፤ ያንን ሸሚዝ እያሳየሁ ነበር የምዞረው። ደምሴ ሲመጣ ምን እንደሚል አስብ ነበር። "አንተ? አንተ ነህ ይህን የሠራኸው?" ሲለኝ ይሰማኝ ነበር።

በተጠናቀቀችበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴን ጠራኋትና ቁልፉን አዞርኩት። ተነሣ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ እኩል ነው፣ እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። ሳል የለውም። እናቴ በሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። እኔም ምን እንደምትጠብቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

"ይሄ ማነው?" አለች።

"እማዬ፣ የደምሴ ናት እኮ! ዳነችልሽ!"

"የደምሴ አይደለም" አለች። "የደምሴ ድምፅ ሄደች። እኔ ነኝ። በእጄ አፉን ዘጋሁበት።"

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በጌዴኦኛ ጮኸች። ያ ወሬኛ ሺፈራው መፍቻውን አስቀምጦ፣ በጓሮ በኩል ወጥቶ ሄደ።

ጩኸቱን ሰምቶ ሰው መጣ፤ አጥር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ለማ ገባና አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

"እማማ ብርቄ፣ ምን ሰምተው ነው?"

"ድንኳን አውጣልኝ። ደምሴ ሞታለች።"

"ማን ነገረዎት? መርዶ ሳይመጣ ማን ሞተ ብለን ጥሩምባ እናስነፋ?"

"እኔ ነገርኩህ።"

"እማማ፣ መርዶ ለእናት ይነገራል እንጂ እናት መርዶ አትናገርም። ነገ ልጁ ቢመጣስ? የቆመ ሰው ላይ ድንኳን እንትከል?"

ወደ እኔ ዞረ። እኔም "ይመጣል" አልኩ። ሞተ ማለት በእጄ መግደል መሰለኝ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ያንን አስተያየት አሁንም እያየሁት ነው።

ድንኳን የሌለው፣ ጥሩምባ የሌለው፣ ለቅሶ ደራሽ የሌለው ለቅሶ አይታችኋል? እናቴ ከላንድሮቨሯ አጠገብ ሰሌን አንጥፋ ብቻዋን ተቀመጠች። የጸሎት ቤቷ ሴቶች መጥተው ደምሴን በሰላም እንዲመልስላት ጸለዩ፤ እሷ የፈለገችው የሚመለስበትን ጸሎት ሳይሆን የሚያለቅስላት ሰው ነበር። ጎረቤቶች ስኳርና ቡና ይዘው እየመጡ እንደ በሽተኛ ይጠይቋታል፤ ሲወጡም "እግዜር ይማርሽ" ይሏታል። "እግዜር ያጥናሽ" የሚል ጠፋ። ያቺን ቃል ያለ ሰው ደምሴን ገደለው ይባላልና ማንም ሊደፍራት አልቻለም። እናቴ ሰው ሊወጣ ሲነሣ አፉን አፉን ታያለች። ቃሏን ትጠብቃለች። "እግዜር ይማርሽ" ይላታል፤ አንገቷን ትደፋለች። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። አልፎ ተርፎ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን የናፍጣ ሞተር እያስነሣሁ ጆሮዋ ላይ አስጮህባት ነበር፤ ብተወው ከእሷ ጋር የተስማማሁ እየመሰለኝ።

ብዙ አልቆየችም። ስትሞት ድንኳኑ ወጣ፣ ጥሩምባው ተነፋ፣ ዲላ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ለእናቴ ሁሉም "እግዜር ያጥናህ" አለኝ። ስለ ደምሴ ግን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ወንበሩ እንደተያዘለት እንግዳ ሆኖ ቀረ። እኔም እንደ ሞኝ በር በሩን አየሁ፤ ለእናቱ ቀብር እንኳ ይመጣል ብዬ።

አሁን አስፋልቱ ቡሌ አካባቢ ደርሷል ይባላል፣ ዩኒቨርሲቲው ልጆች ያጎርፋል፣ ሻይ በስሙኒ ብል የሚስቁብኝ ይበዛሉ፤ ስሙኒ ራሷ የት ገባች? ካሴት ቤቱ ሞባይል መሸጫ ሆኗል። የናፍጣውን ሞተር ገደብ ላለ ወፍጮ ቤት ሸጬዋለሁ፤ መጨረሻውም ድምፁም ወፍጮ ሆነ። ላንድሮቨሯ ውስጥ ዶሮ ያድራል። የተሰነጠቀው የድሮው ሞተር ከአቮካዶው ዛፍ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የብረት ለቃሚዎች በመጡ ቁጥር "አይሸጥም" እላለሁ። ለምን እንደማልሸጠው አላውቅም። ሰው ተስፋ ደግ ነገር ነው ይላል። እኔ ተስፋ እናቴን ለቅሶዋን ሲነጥቃት አይቻለሁ፤ እኔንም አርጅቼ እንኳ በር ከማየት አላሳረፈኝም። ደምሴ አይመጣም። ይህን ለራሴ የማምነው ቀን ቀን ነው፤ መኪና በደጄ ሲያልፍ ግን አሁንም ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ሐሙስ ዕለት ላንድሮቨሩ ሻይ ቤቱ ፊት ቆመ። ሾፌሩ የይርጋጨፌ ልጅ ነው፤ በቅርቡ እንደገዛትና ራሱ እየፈታታ እየተማረባት እንደሆነ በኋላ ነገረኝ፤ ጥፍሩ ሥር ያ ጥቁረት አለ። ውሃ ሊገዛ ወረደ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋውም። ሄጄ መዳፌን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ሙቀቱ በክንዴ ወጣ።

"ይወዷታል ጋሼ?" አለኝ እየሳቀ። "አይፍረዱብኝ፣ የማላጠፋት ባትሪዋ ሞቶ ነው። ካጠፋኋት ያለ ሰው ግፊ አትነሣም፣ በዚህ ፀሐይ ማን ይገፋልኛል?"

"አታጥፋት" አልኩት። "ትንሽ ልስማት። ወንድሜ እንዲህ ያለች ነበረችው።"

"የት ነው እሱ? የድሮ ዕቃ ይኖረዋል እኮ፣ ባገኘው!"

መንገዱን አየሁ። ሳሏ መጣች፣ አለፈች። ሰው ሁሉ የሻይ ስኒውን ይዟል፤ እኔን የሚያይ አልነበረም። ይህን ልጅ አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም፤ ደምሴንም እናቴንም አያውቅም።

"ሞቷል" አልኩት።

የልጁ ፊት ወዲያው ተለወጠ። ቆቡን ከራሱ አወረደና ደረቱ ላይ ያዘ።

"ውይ! እግዜር ያጥናዎት፣ ጋሼ" አለኝ።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ሰሌን ላይ ቁጭ ብላ የሰው አፍ እያየች የጠበቀቻት ቃል ይህች ናት። "አሜን" ከማለቴ በፊት እንባዬ ወረደ። ልጁ እንባዬን ሲያይ ደነገጠ፤ ሐዘንተኛ አጠገብ መኪና ማስጮህ ነውር መሆኑ ትዝ ያለው መሰለኝ፣ እጁን በመስኮቱ ሰደደና ሞተሩን አጠፋው።